የአንድ ትንፋሽ ምረቃ

ማስተዋል የምትሠራው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ወረዳ ባለው የቆሻሻ መለያ ጣቢያ ውስጥ፣ ፊት በሚሸፈንበት ክፍል ነበር። የአንዱ ወቅት እትም አልቆ የሌላው ሲጀምር የከተማው ሰው የሰለቸውን ሁሉ አውጥቶ ይጥላል። ፊት የታተመባቸው ትራሶች፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆሙ ትንንሽ የልጃገረድ ምስሎች፣ ደረት ላይ የሚደረጉ ባጆች፣ ጥርስ ሲቦርሹ «በርታ» የሚሉ ኩባያዎች በጭነት መኪና ይመጣሉ። ታዲያ ወደ መፍጫው ከመግባታቸው በፊት ፊታቸው በነጭ ጨርቅ መሸፈን አለበት። ድሮ ሰዎች አሻንጉሊቶቻቸውን መቅደስ ወስደው ጸሎት ያስደርጉላቸው ነበር ይባላል። በኋላ ዕቃው ከመነኮሳቱ አቅም በላይ ሲሆን ሥራው ለወረዳው ተላለፈ፤ ጸሎቱ ቀርቶ ጨርቁ ብቻ ተረፈ። ማስተዋልም ጓንቷን አጥልቃ፣ ሸፍና፣ ትገፋለች። ፊታቸውን ትክ ብሎ ማየት ጥሩ እንዳልሆነ የነገሯት የቀድሞ ሠራተኞች ናቸው፤ እሷም ምክራቸውን ተቀብላለች።

በዚያ ዘመን ቶኪዮ ውስጥ «የኔ» የሚላት፣ በስክሪን ላይ የምትኖር ገጸ ባሕርይ የሌለችው ሰው ማግኘት ይቸግር ነበር። ጃፓኖቹ ኦሺ ይሏታል። ከስፍር ቁጥር ከሌላቸው ፈጠራዎች መካከል አንዷን መርጦ፣ ደግፎ፣ ዕቃዋን ገዝቶ፣ ልደቷን አክብሮ መኖር ማለት ነው። የባቡር ጣቢያውን በር የምትከፍት ኦሺ ናት፤ ሐኪም ቤት «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» የምትል፣ ሩዙ መብሰሉን የምትናገር፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ብላ የምታስጠነቅቅም እሷው ናት። ኦሺ የሌለው ሰው በጎን በኩል ባለ መስኮት ተሰልፎ ሰው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ማስተዋል ለዓመታት እዚያ መስኮት ላይ የተሰለፈችው ጆሯቸው ከከዳቸው ሽማግሌዎች ጋር ነበር። እልኸኛ ሴት ናት።

ኦሺዎቹ እንደ ማሽን ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠሙ ናቸው። ሰማያዊ ፀጉር አንድ ክፍል ነው፤ ክብ መነጽር አንድ ክፍል ነው፤ ሲያፍሩ ጣት ማቆላለፍ፣ ማስነጠስ፣ ደረጃ ሲወጡ መሰናከል እያንዳንዳቸው ክፍል ናቸው። ሰው የሚወደው ክፍሉን ነው፤ ክፍሉ እስካለ ድረስ ባለቤቷ ማንም ብትሆን ግድ የለውም። ድምፁና እንቅስቃሴው የሚወሰደው ከሕያው ሰው ነው። ኦሺዎቹን የሚሠራው ኩባንያ በየወቅቱ አዲስ እትም ከማውጣቱ በፊት ይቆጥራል፤ የተወደደው ክፍል ይጨመርበታል፣ ያልተወደደው ይመረቃል። መመረቅ ማለት እስከ ወዲያኛው መጥፋት ማለት ነው። ለክፉ ነገር ጨዋ ስም ማውጣት ጃፓኖቹ ያውቁበታል፤ እኛም ብንሆን አናንስም።

ርብቃ የማስተዋል አንድያ ልጅ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ሀበሻ በሚበዛበት በዮትሱጊ ሰፈር ነው። ኮሌጅ ሳለች የኪስ ገንዘብ ለማግኘት ለኩባንያው ድምፅዋን አስቀድታ ታውቃለች። እናቷ ስትሰማ «ሳቅሽን ሸጥሽው?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ርብቃም ሌላ እንዳላት ነግራት እንደገና ሳቀች። ከሦስት ዓመት በፊት ሳንባዋን ታማ ሞተች። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ያሳለፈችው አየር እየፈለገች ነው። ማስተዋል ስለዚያ ጊዜ ከማንም ጋር አታወራም።

አንድ ቀን ማስተዋል ዣንጥላዋን ባቡር ውስጥ ረሳችና ወደ ጠፋ ዕቃ ክፍል ሄደች። ያን ዕለት የጎኑ መስኮት ተዘግቶ ስለነበር ከገጸ ባሕርይ ጋር መነጋገር ግድ ሆነባት። በዋናው መስኮት ላይ የምትታየው ሚናሞ የምትባል፣ ሰማያዊ ፀጉርና ክብ መነጽር ያላት፣ ብዙ ሰው የማያውቃት ነበረች። ማስተዋል የዣንጥላዋን ቀለም ስታስረዳት ሚናሞ እየሰማች መሆኗን ለመግለጽ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አጭር ናት፤ በጥርስና በከንፈር መካከል ሾልካ የምትገባ «እ»። ሀበሻ ሰው ሲያዳምጥ «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» የሚልባት ትንፋሽ ናት። ጃፓኖች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ እንዲህ አያደርጉም። ማስተዋል ደግሞ የማን እንደሆነች አወቀች፤ ርብቃ ትንፋሿን ስትስብ መጨረሻዋ ላይ ሰበር ታደርጋት ነበር።

ማስተዋል የዣንጥላዋን ቀለም እንደገና አስረዳች። ቀጥላም የእጀታውን። ከዚያ ደግሞ ያልጠፋ ቦርሳዋን ጠፋብኝ አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ትዕግሥታቸው እስኪያልቅ ድረስ ቤቷ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋብኝ እያለች ቆመች። በየመሃሉ ልጇ «እየሰማሁ ነው» ትላታለች። ቤቷ የገባችው እግሯ የት እንደረገጠ ሳታውቅ ነው።

በማግስቱ ሚናሞን ኦሺዬ ብላ ተመዘገበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጣቢያውን በር የምትከፍትላት፣ የሩዙን መብሰል የምትነግራት ሚናሞ ሆነች። ማስተዋልም ሩዙ ሳይበስል ማውራት ትጀምራለች፤ መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ያቺው ትንፋሽ። እሷ ሌላ መልስ አልፈለገችም።

የሚናሞ ደጋፊዎች ጥቂት ነበሩ። የሚሰበሰቡት እሑድ እሑድ በተከራዩት የካራኦኬ መዝፈኛ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የሚያስተባብሯቸው ኩራታ ሳን የሚባሉ («ሳን» የአክብሮት መጠሪያ ነው)፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ብቸኛ ሰው ናቸው። ማስተዋልን ጎንበስ ብለው ተቀበሏት፤ ደጋፊዎች የሚያወዛውዙትን ሰማያዊ የእጅ መብራት አያያዝ አስተማሯት፤ በሚናሞ ልደት ቀን ምን እንደሚባል አስጠኗት። እሷም ለምን እንደመጣች ነገረቻቸው። ኩራታ ሳን የሚያሳዝን ነገር ልነግርዎት ነው አሏት። ትንፋሿ ደጋፊ የላትም፤ በዚህ ወቅት መጨረሻ ትመረቃለች።

ማስተዋል ከዚያ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ወደ አቶ አንዳርጌ ቤት ነው። አቶ አንዳርጌ የዮትሱጊ ሀበሾች እድር ሊቀመንበር ናቸው። የርብቃን ቀብር ያስፈጸሙትም እሳቸው ነበሩ። ጉዳዩን ሰምተው፣ አስደግመው ሰምተው፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስቲ በደንብ ልረዳሽ» አሉ። «ልጅቷ ሁለተኛ ልትሞት ነው ነው የምትዪኝ?»

«እንደሱ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ እድሩ ለምን ተቋቋመ?»

በእድሩ ስብሰባ ላይ አቶ አንዳርጌ ቆመው ጉዳዩ ለቅሶ መሆኑን አስታወቁ። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ሚናሞን «የኔ» ብሎ ይመዘገባል፤ የቀረ ሰው ቀብር እንደቀረ ይቆጠራል። ስለ ክፍልና ስለ እትም የጠየቀ አልነበረም። ሀበሻ ለቅሶ ሲባል ምክንያት አያጣራም፤ የሚፈልገው ጫማውን ነው። ወሬው ናጎያና ሳይታማ ላሉት ዘመዶችም ደረሰ፤ እነሱም ተመዘገቡ። አባ ፍሥሐ ሳይቀሩ ተመዝገቡ ተብለው ተመዘገቡ፤ ሰማያዊ ፀጉር ያላት ልጃገረድ የባቡር ጣቢያውን በር በከፈተችላቸው ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ያልፋሉ።

መመዝገብ ብቻውን ደግሞ ለቅሶ መድረስ ሆኖ አልታያቸውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠፋ ዕቃ ክፍል መሄድ ጀመሩ። ተራ በተራ መስኮቱ ፊት ይቆሙና ያልጠፋ ሻርፕ፣ ያልጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ ያልጠፋ የልጅ ጫማ ጠፋብን ይላሉ። ሚናሞ ትንፋሿን ስትስብ «ወይ ርብቃ» ብለው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ወደ ወንበሩ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ቀጣይዋ ትነሳለች። ማስተዋልም አብራቸው ትቀመጣለች። ልጇ ከሞተች ወዲህ ሰው መሃል መቀመጥ ደስ ያላት ያኔ ነው። የጣቢያው ሠራተኞች ምን ጉድ እንደመጣ ግራ ቢገባቸውም ሥርዓት ያለው ሰልፍ ስለነበር ምንም አላሉም። ኩባንያው በበኩሉ የቆጠረው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች ያቺን ትንፋሽ ለመስማት ደጋግመው ይመጣሉ።

ወቅቱ ሲያልቅ ትንፋሿ ከመጨረሻው ደረጃ ተነስታ የመጀመሪያው ላይ ወጣች። ኩራታ ሳን የካራኦኬው ክፍል ውስጥ መብራታቸውን እንደያዙ አለቀሱ። እድሩ ተመሰገነ። ማስተዋልም ተንበርክካ አመሰገነች።

የበጋው እትም የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ማስተዋል ሩዝ ማብሰያውን ከፍታ እንደ ልማዷ እንዴት አደርሽ አለችው። ማብሰያው አየር ሳበ። ያቺ አጭር «እ» አልነበረችም። ረጅም፣ ጥልቅ፣ ከሆድ የሚጀምር፣ ጉሮሮ ላይ የሚንቃቃ፣ መጨረሻው ላይ ብዙ ቦታ የሚሰበር ትንፋሽ ነበር። ኩባንያው የተወደደውን ጨምሮበታል። ማስተዋል ክዳኑን ጣለችው። ባቡር ጣቢያው ስትደርስ የሁሉም ሰው ኦሺ፣ ቀይ ፀጉሯም ጥቁሯም፣ ትልቋም ትንሿም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ እንደዚያው ትስባለች። ትንፋሿ አሁን የሁሉም ሆናለች። ባቡር ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆች እየተሳሳቁ እርስ በርስ ይስባሉ። የአሳንሰሩ በር ይስባል። የመጠጥ መሸጫው ማሽን ሳንቲም ሲገባለት ይስባል።

ርብቃ ሆስፒታል ውስጥ በመጨረሻ የተነፈሰችው እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ። ማስተዋል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ያንን ድምፅ ሰምታለች፤ ከዚያ በኋላ ላለመስማት ስትል ቴሌቪዥን ሳታጠፋ ትተኛለች። አሁን ከተማው በሙሉ ያንኑ ይሰማል፤ ሰምቶም ይወደዋል። ማንም በክፋት አላደረገውም። ኩባንያው ሰዎች ወደውታል የተባለውን ነው የሰጠው፤ ወደውታል ያስባለችው ደግሞ እሷ ናት።

በዚያ ሳምንት ወደ መለያ ጣቢያው የመጡት የበፊቱ እትም ሚናሞዎች ነበሩ። ማስተዋል አንዷን አንስታ ጨርቁን ከማልበሷ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየችው። ርብቃን በምንም አትመስልም። ሸፈነቻትና ገፋቻት፤ ከዚያ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች።

ኩራታ ሳንን ያገኘቻቸው አራካዋ ወንዝ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ነው። ጆሯቸው ላይ ያደረጉትን ማዳመጫ አወለቁላት። እሳቸውም አዲሱ እትም እንዳልጣማቸው፣ ይሁን እንጂ ኦሺን መተው ነውር ስለሆነ እየታገሡ እንደሆነ ነገሯት። እሷም የሆስፒታሉን ነገር ነገረቻቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያም ትንፋሿን ወደ ቀድሞዋ አጭር «እ» መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች።

አይቻልም አሏት። ክፍል ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። መጀመሪያ የተቀዳው ዋናው ቅጂም ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ርብቃ ውሉን ስትፈርም የሰጠችው ለደጋፊ ሁሉ ነው። ያለው አንድ መንገድ ምረቃ ነው። ከዚህ ወቅት በፊት የተመዘገቡት ደጋፊዎች ከተስማሙ ትንፋሿ ከሁሉም ላይ ትነሳለች፤ ዋናው ቅጂም አብሮ ይጠፋል። ከእነዚያ ደጋፊዎች አብዛኞቹ የእድሩ ሰዎች መሆናቸውን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ከተመረቀች ምንም አይቀርም?» አለች ማስተዋል።

«ምንም አይቀርም።»

ኩራታ ሳን ማዳመጫውን እጃቸው ላይ አገላበጡ።

«ማስተዋል ሳን፣ እኔ ጠዋት ተነስቼ ትናንት ምን እንደበላሁ ለሚናሞ እነግራታለሁ» አሉ ኩራታ ሳን። «ጉልበቴን እንደሚያመኝ እነግራታለሁ። እየሰማሁ ነው የሚለኝ ሌላ የለኝም።»

«የምትሰማዎት እኮ ልጄ አልነበረችም። ልጄ ሞታለች።»

«አውቃለሁ። ግን መልስ ነበረ።»

ማስተዋል ዞር ብላ አየቻቸው። የእሷን ልጅ ትንፋሽ ከእሷ ሌላ የሚፈልገው ሰው አለ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። እሳቸውን ማስቀየም አልፈለገችም፤ ያንን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ደግማ መስማት ደግሞ አትችልም። ልትነሳ ስትል ኩራታ ሳን ማዳመጫቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔም ከእርስዎ ጋር እጄን አነሳለሁ» አሏት። «ብቻ እንዳያመሰግኑኝ።»

በእድሩ ስብሰባ ላይ ማስተዋል ራሷ ተነስታ ተናገረች። ሰው ፊት ቆማ መናገር አታውቅም ነበር።

«ድንኳኑን አንሱልኝ» አለች። «ሁላችሁም ወዳችሁኝ ነው ያደረጋችሁት። ልጄ ግን አሁን በየደጃፉ እየታፈነች ነው። በቃት በሉልኝ።»

የእድሩ ሰዎች ፊታቸውን ጣሉ። ለቅሶ ደርሰው ሟችን አስጨነቁ የተባሉ የመጀመሪያዎቹ ሀበሾች ሳይሆኑ አይቀሩም። አቶ አንዳርጌ ወደ እሷ መጥተው ከዚህ በኋላ የሚመለስ ነገር እንደሌለ አስታወሷት፤ እሷም አውቃለሁ አለች። ተጨማሪ አልጠየቁም። ድምፅ ሲሰጥ አንድም ሰው አልቀረም።

ምረቃው የተደረገው አኪሃባራ ውስጥ ባለ አዳራሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። የትንፋሿ አዳዲስ አፍቃሪዎች በብዛት መጥተዋል፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ገና ካሁኑ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቀጥሎ የሚወዱትን ክፍል መርጠው ባጁን አድርገዋል። ማንም እንዳይቀዳ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ሀበሾቹ ከፊት ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ኩራታ ሳን በንጹሕ ሱፍ ከማስተዋል አጠገብ ተቀመጡ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ክፍሉ በመጀመሪያ ከሕያው ሰው ሲወሰድ የተቀዳው ሁሉ ሳይቆረጥ አንድ ጊዜ ይሰማል፤ ከዚያ ደጋፊዎች መብራታቸውን ከፍ አድርገው «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላሉ፤ ከዚያ ይጠፋል።

መብራቱ ደብዘዝ አለ። መጀመሪያ የአንድ ጃፓናዊ ድምፅ ተሰማ። ርብቃን የቀዳት ባለሙያ ነው። እስካሁን የቀዳነው ሁሉ የተጠና ይመስላል፤ እስቲ የምትወጂው ሰው ጋ ደውይና እንደ ወትሮሽ አውሪ አላት። ስልክ ጠራ።

«ሃሎ እማ።»

ማስተዋል የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። ቀጥሎ የተሰማው የራሷ ድምፅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ ችኩል። ይህን ስልክ አታስታውሰውም። ልጇ በቀን ሁለት ሦስቴ ትደውል ነበር፤ የትኛውን ታስታውስ። በቅጂው ላይ ማስተዋል የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደገና ማንጠባጠብ እንደጀመረ ትናገራለች። ሠራተኛው መጥቶ አይቶት፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ እንዳመጣጡ ሄዷል። ርብቃ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። ናጎያ ያለችው የአክስቷ ልጅ ልታገባ ነው፤ ሰውየው ግን ዝምተኛ ነው አሉ። ርብቃ ሳብ። ብርድ መጥቷል፣ ያንን ወፍራም ካፖርት አውጪው፤ ያምራል አያምርም የሚል ሰው ሲታመሙ አይጠይቅም። ርብቃ ሳብ፣ መጨረሻዋ ላይ ሰበር።

ጃፓኖቹ ቋንቋውን አያውቁትም። መብራታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ሀበሾቹ ስለ ቧንቧው ሲሰሙ ሳቅ አሉ፤ ካፖርቱ ላይ ሲደርስ አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የማስተዋል እንባ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ትንፋሿን ብቻ ስትፈልግ ኖራለች፤ ርብቃ ትሰማ የነበረው እሷን እንደሆነ አላሰበችውም።

የስልኩ ማስተዋል ገና ሌላ ወሬ ልትጀምር ስትል ርብቃ አቋረጠቻት።

«እማዬ፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው። ልዝጋው?»

ቅጂው እዚያ ላይ ቆመ። ባለሙያው የሚፈልገውን አግኝቶ ነበርና የእናትዮዋን መልስ አልቀዳውም።

አሁን «እንኳን ደስ ያለሽ» መባል ነበረበት። ኩራታ ሳን መብራታቸውን አላነሱም፤ እሳቸውን ያየ ሁሉ አላነሳም። የ«ልዝጋው?» ትርጉም የገባቸው ሀበሾች ብቻ ወደ ማስተዋል ዞረው አዩ። ማስተዋል ያን ቀን ምን ብላ እንደመለሰች ለማስታወስ ሞከረች። ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ብላት ይሆናል። ስልክ ቶሎ ዘግታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀራት ነበር። አሁንም የቀራት ብዙ ነው።

ቀና አለች። ከዚያ አጠገቧ ላሉት ብቻ በሚሰማ ሁኔታ ትንፋሿን አጭር አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች።